ግቢያችን ውስጥ የጠፋው ቱቦ

ቅዳሜ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የገና ዕለት ቤታችን እንግዳ ሞልቶት ነበር። ከምሳ በኋላ ሳህን ሲታጠብ ሻወሩ ወለል ላይ ጥቁር ውሃ ብቅ አለ። ሽንት ቤቱም ሲለቀቅ ውሃው ወደ ላይ ይሞላና ቀስ ብሎ ይወርዳል። እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር በጣም ያሳቅቃል። ባለቤቴ ባልዲ ይዛ ስትሯሯጥ አየኋት። ከበዓሉ በኋላ ይሄን ነገር ሳልጨርስ አልተኛም አልኩ።

ያለነው ከቃሊቲ አልፎ፣ ገላን ነው። የከተማው የፍሳሽ መስመር እኛ ሰፈር አይደርስም። የእያንዳንዱ ቤት ፍሳሽ እዚያው ግቢ ውስጥ በተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ይጠራቀማል፤ ሰዉ ሁሉ "ሴፍቲ ታንከር" ነው የሚለው። የእኛ ግን የት እንዳለ አናውቅም። ቤቱን ከ4 ዓመት በፊት ስንገዛ ማንም አላሳየንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዛሬ ጠዋት ለሻጩ ደወልኩ። ቤቱን ያሠሩት አባቱ ናቸው፤ አርፈዋል። እሱ ያኔ ተማሪ ነበር። "በር አካባቢ ይመስለኛል" አለኝ። ከዚያ በላይ የሚያውቀው የለም።

ግቢው ውስጥ የሚታየው ማንሆል አንድ ብቻ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሥር። ክዳኑን በዲጅኖ አነሳሁት። እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሞልቷል። ይሄ ራሱ አንድ መልስ ነው። ማንሆሉ ደረቅ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነበር። ሞልቶ ስለተገኘ ግን የተዘጋው ከማንሆሉ ወዲያ ነው። በባልዲ ቀድቼ ሳጎድለው መውጫው ታየኝ፤ ባለ 110 ሚሊ ግራጫ ፒቪሲ ቱቦ ነው። አፉ ወደ በሩ፣ ወደ ደቡብ ይመለከታል። የቱቦው የታችኛው ከንፈር ከመሬት 52 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ይህችን ቁጥር ደብተሬ ላይ ጻፍኳት። ያኔ ምን እንደምትጠቅመኝ አላወቅኩም።

እሑድ፣ ጥር 4

ዛሬ ተሳሳትኩ። ስህተቱንም እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ሰው እንዲሁ እንደሚያደርግ ስለማውቅ።

ሁለት የቀን ሠራተኞች አምጥቼ "በር አካባቢ ቆፍሩ" አልኳቸው። ሻጩ በር ብሎኛል፣ ቱቦውም ወደ በር ያያል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብዬ ነው። ሰፈራችን ጥቁር አፈር ነው። በክረምት እንደ ሊጥ ያብጣል፤ በጥር ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ዶማም ይመልሳል። በሩ አጠገብ ግን አፈሩ በቀላሉ ተቆፈረ። ከሥሩ ቀይ ገረጋንቲ ወጣ። በጣም ደስ አለን። ገረጋንቲ እዚህ በተፈጥሮ የለም፤ ሰው ነው ከውጭ አምጥቶ የሚሞላው። ስለዚህ ታንኩ ከሥሩ ነው ብለን 1.20 ሜትር ወረድን። ምንም የለም። ጎኑን ብናሰፋውም ያው ገረጋንቲ ነው። ሲሚንቶ የለ፣ ቱቦ የለ።

ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ዶማው ከቆጣሪ የሚመጣውን የውሃ መስመር ለመምታት አንድ ጋት ሲቀረው አየሁትና "በቃ" አልኩ። የኤሌክትሪክ ገመድ ቢሆንስ? ልጆቹን ከፍዬ ሸኘኋቸው። ማታ ወገቤ ሳይሆን ሐሳቤ ነው የደከመው።

ሰኞ ማታ፣ ጥር 5

ዶማውን አስቀምጬ እርሳስ አነሳሁ። ግቢውን በሜትር ለክቼ በአንድ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ግቢው 12.5 በ20 ነው። ቤቱ በምዕራብ፣ በሩ በደቡብ፣ ማንሆሉ ከምሥራቁ አጥር 5.5 ሜትር ላይ ነው።

ከዚያ ሳልቆፍር ማወቅ የምችለውን ሁሉ ዘረዘርኩ። ቱቦ በፈለገው መንገድ አይሄድም። ውሃ በራሱ ክብደት እንዲወርድ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ እያለ ነው የሚቀበረው። በጣም ከተኛ ደረቁ ነገር ይቀራል። ስለዚህ ቱቦው ከማንሆሉ በራቀ ቁጥር ጥልቀቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ማስላት ይቻላል። 52 የምትለዋ ቁጥር የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ያለው ጓደኛ አለኝ። ግን ፒቪሲ ፕላስቲክ ነው፤ መሣሪያው አይሰማውም። የቱቦ ካሜራ ያላቸው ባለሙያዎችም አሉ። ከካሜራው ራስ ላይ ምልክት የሚልክ ትንሽ ማሠራጫ ይታሰራል፤ ብዙ ጊዜ በ512 ኸርዝ ነው የሚሠራው። ከላይ ሌላ ሰው መቀበያ ይዞ መሬቱን እየተከተለ ይሄዳል። ዋጋውን ጠይቄ ለጊዜው ተውኩት። መጀመሪያ እጄ ላይ ባለው ልሞክር።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ከሥራ ስመለስ 25 ሜትር ጥቁር የውሃ ጎማ ገዛሁ፤ የግማሽ ኢንቹን። ጠንከር ስለሚል ሲገፉት ይሄዳል። ጫፉ ላይ አንድ ብሎን በፕላስተር አሰርኩ። በየሜትሩ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረግኩበትና በማንሆሉ በኩል ገፋሁት። ጓንትና ረጅም ቦቲ አድርጌያለሁ፤ ያለነሱ ማንም እጁን እንዳያስገባ። ጎማው ያለ ችግር ሄደ፣ ሄደና ቆመ። ብገፋውም ባዞረውም አይነቃነቅም። አውጥቼ ለካሁት፤ 6.40 ሜትር።

አሁን ርቀቱን አውቃለሁ፤ ቦታውን ግን አላውቅም። ገመዱን ማንሆሉ ላይ ይዤ 6.40 ላይ ኖራ እየበተንኩ ግማሽ ክብ ሠራሁ። ቱቦው ቀጥ ያለ ከሆነ የቆመበት ነጥብ ከዚህ መስመር ላይ ነው። መሐል ላይ ከታጠፈ ደግሞ ከመስመሩ ወዲህ ነው። ከመስመሩ ወዲያ ግን በፍጹም ሊሆን አይችልም። እሑድ የቆፈርነው ጉድጓድ ከመስመሩ 2 ሜትር ያህል ወዲያ ነው። ይሄን ሳይ ለዚያ ሁሉ ልፋት በጣም አዘንኩ።

አቅጣጫውን ለማወቅ ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ቱቦው ውስጥ አስገብቼ፣ ከውጭ የቀረው ጫፍ ወደየት እንደሚጠቁም በሲባጎ ወጠርኩ። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቱቦው ውስጥ የገባው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። በግማሽ ሜትር ላይ አንድ ሳንቲ ከሳትኩ 6.40 ላይ ስደርስ ስህተቱ 13 ሳንቲ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ መሐለኛውን ወሰድኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ዛሬ ከተራ ነው፤ ሥራ የለም። ታቦቱን ለመሸኘት ስንወጣ ከጎረቤት ግቢ ዘበኛ ጋር ቆምን። ጋሼ እዚህ ሰፈር ቤት ሳይበዛ ጀምሮ ያሉ ሰው ናቸው። የቁፋሮውን ነገር አይተው ኖሯል።

"አንተ ልጅ፣ እዚያ በሩ ጋ ምን ፍለጋ ነው የምትቆፍረው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱማ የተደፈነው ነው። መጀመሪያ በሩ ጋ ነው ያስቆፈሩት። ሐምሌ ላይ ነበር፤ ውሃ ከሥር እየመነጨ ሞላባቸው፣ ግድግዳውም ተናደ። ኋላ በገረጋንቲ አስደፈኑትና ወደ አጥሩ ወሰዱት። ምነው ቀድመህ ብትጠይቀኝ!"

እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ለምን አፈሩ እንደለሰለሰ፣ ገረጋንቲው ለምን እንደመጣ፣ ቱቦው ለምን ወደ በር እንደሚያይ። ቱቦው መጀመሪያ የተቀበረው ለበሩ ጉድጓድ ነው። ታንኩ ቦታ ሲቀይር ቱቦውን ከመሐል ቆርጠው አጥፈውታል። 6.40 ላይ ያለው መታጠፊያ ነው።

ከአጥሩ ወገን ደግሞ የዘይቱን ዛፋችን አለ። በዙሪያው ያለው ሣር ሁሉ በጥር ቢጫ ሆኖ እሱ ብቻ አረንጓዴ ነው። 4 ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ስለምታጠጣው ይመስለኝ ነበር። ስጠይቃት "እኔ እሱን አጠጥቼው አላውቅም" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ዛሬ ተገኘ።

ጠዋት ጎማውን እንደገና እስከሚቆምበት አስገባሁ። ልጄ ማንሆሉ ጋ ሆኖ ጎማውን በጓንት ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቀንቃል። ጫፉ ላይ ያለው ብሎን ከቆመበት ጋር ይጋጫል። እኔ ደግሞ ባለ 10 ፌሮ መሬት ላይ አቁሜ፣ የላይኛውን ጫፍ ጆሮዬ አጥንት ላይ አስደግፌ በኖራው መስመር ላይ እየተዘዋወርኩ አዳምጣለሁ። መንገዱ ዳር ነን፤ የደብረ ዘይት መኪና ሲያልፍ ምንም አይሰማም። መኪናው ጋብ እስኪል እንጠብቃለን። ሲባጎው ከኖራው የሚገናኝበት ቦታ ስደርስ "ዱክ፣ ዱክ" የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ክንድ ወደ ግራ ብሄድ ይደክማል፣ ወደ ቀኝ ብሄድም ይደክማል። ልጄን "አቁም" ስለው ይቆማል፤ "ቀጥል" ስለው ይመለሳል። በሕይወቴ እንደዛሬ መሬትን ያዳመጥኩበት ቀን የለም።

ከመቆፈሬ በፊት ሒሳቡን ሠራሁ። 6.40 ሜትር በ2 ሳንቲ ሲባዛ 13 ያህል ነው። 52 ላይ ሲደመር 65። ግቢው ራሱ ወደ በሩ ምን ያህል እንደሚወርድ ውሃ በሞላበት ቀጭን ላስቲክ ለካሁ፤ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበት ማለት ነው። 8 ሳንቲ ይወርዳል። ስለዚህ የቱቦው ታች 57 ላይ ነው፣ የቱቦው ጀርባ ደግሞ 46 ላይ። እስከ 35 በዶማ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ዶማ አልነካሁም፤ በትንሽ አካፋና በእጄ ነው የቆፈርኩት። የቱቦው ጀርባ 49 ላይ ብቅ አለ። የሳትኩት በ3 ሳንቲ ብቻ ነው። ልጄ እየዘለለ ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ።

ጋሼ እንዳሉት ነው። ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ፣ ማለትም የቱቦ መታጠፊያ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዘይቱኑ ያጥፈዋል። መጋጠሚያው በኮላ አልተጣበቀም፤ እንዲሁ ተሰክቶ ነው የቀረው። በክፍተቱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ገብተው፣ ውስጥ ሲደርሱ ጎፈር ሆነው ቱቦውን ዘግተውታል። የዛፉ ግንድ ከመጋጠሚያው 1.20 ሜትር ላይ ነው። ዛፉን አልወቅሰውም። ውሃ ሸተተው፣ መጣ። ጥፋቱ መጋጠሚያውን ያለ ኮላ የተወው ሰው ነው።

ሥሩን ቆርጬ ስስበው አንድ ጉንጉን ወጣ። ውሃው ወዲያው ተስቦ ሄደ።

እሑድ፣ ጥር 18

ታንኩን ማግኘት አለብኝ። ሥሩን ነቅዬ ዝም ብል በሚቀጥለው በዓል ያው ነው። ከሞላ ደግሞ መመጠጥ ያለበት አሁን፣ በበጋው ነው። ክረምት ሲገባ የፍሳሽ መኪና በዚህ ጥቁር አፈር ላይ እስከ ጎማው ይሰምጣል።

ፌሮውን ብየዳ ቤት ወስጄ መያዣ አስበየድኩለት። ጫፉን ደግሞ በመሞረጃ ማሽን አደነዘዙልኝ፤ የሾለ ከሆነ ቱቦ ይበሳል። የደረቀ ጥቁር አፈር ፌሮ አያስገባም። ስለዚህ ትናንት ማታ ከጎሚቶው እስከ አጥሩ ያለውን መሬት በደንብ አጠጣሁት። ዛሬ በየ30 ሳንቲው በእጄ ብቻ እየገፋሁ ወጋሁ። በመዶሻ መምታት የለም።

ከጎሚቶው 2.60 ሜትር ላይ ፌሮው 35 ሳንቲ ገብቶ "ቃጭ" አለ። በድንጋይና በኮንክሪት መካከል ልዩነት አለ። ድንጋይ ከሆነ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ፌሮው ያልፋል። ኮንክሪት ከሆነ በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም ያው 35 ላይ ያቆማል። በነካበት ሁሉ እንጨት ተከልኩ። ቀትር ላይ እንጨቶቹ ራሳቸው ሥዕሉን ሠሩልኝ፤ ወደ አጥሩ 2 ሜትር፣ በአጥሩ አንጻር 3 ሜትር። ባለቤቴ ቡና ይዛ መጣችና እንጨቶቹን አይታ "እዚህ ላይ ነበር እኮ ሰርቪስ ቤት እንሥራ ያልነው" አለች። ዝም ብለን ተያየን። መሠረቱን ታንኩ ላይ ልንቆፍር ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ክዳኑን ያገኘሁት በመግቢያው በኩል ነው፤ የፌሮ ጆሮ ያለው 60 በ60 ኮንክሪት። ከመክፈታችን በፊት ለሠራተኛውም ለልጄም አንድ በአንድ ተናገርኩ። እዚህም እደግመዋለሁ፤ ከጻፍኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይገባም። ለአንድ ደቂቃም፣ የወደቀ ነገር ለማንሳትም ቢሆን። ሚቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባሉ ጋዞች አሉበት። ሁለተኛው መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል። ጠፋ ሲባል ነው የሚገድለው። አንዱ ወድቆ ሊያወጣው የገባውም አብሮ የሚሞተው ለዚህ ነው። ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ሻማ አጠገቡ አይደርስም፤ ሚቴን ይቀጣጠላል። ብርሃን ካስፈለገ የባትሪ ነው። አሮጌ ክዳን ላይም መቆም የለም፤ ውስጡ ያለው ፌሮ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ልጁን ቤት አስገባሁት። ከሠራተኛው ጋር ክዳኑን በዲጅኖ ከጎን ቆመን ፈቀቅ አደረግነው። ከዚያ ርቀን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን።

ውሃው ከመግቢያው ቱቦ 7 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ሠራተኛው "ሞልቷል!" አለ። አልሞላም። ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜ የሞላ ነው የሚመስለው። በአንድ በኩል በገባ ቁጥር በሌላው በኩል ያው ያህል ወደ ማስረጊያው ይወጣል። ችግር የሚሆነው ውሃው መግቢያውን ሲሸፍን ነው። መታየት ያለበት ከታች የተኛው ዝቃጭ ነው። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ እስከ ወለሉ አወረድኩና ትንሽ አቆይቼ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ከታች 60 ሳንቲው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጠቅላላው 1.60 ነው። ዝቃጩ ከሲሶው ካለፈ ይመጠጣል፤ የእኛ አልፏል።

ሐሙስ፣ ጥር 29

የፍሳሽ መኪና መጣ። ክዳኑ የት እንዳለ ስላወቅን ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ጎሚቶውን አውጥተን በቦታው በብሎኬት 50 በ50 ማንሆል ሠራን። ቱቦ አቅጣጫ የሚቀይርበት ቦታ ክዳን ሊኖረው ይገባል፤ ወደፊት ከዘጋ ከዚያ ነው የሚገፋው። ከማንሆሉ እስከ ታንኩ አዲስ ቱቦ ገባ። አንዱ ቱቦ 6 ሜትር ስለሆነ መሐል ላይ መጋጠሚያ አላስፈለገውም። ከሥሩ አሸዋ አነጠፍን፤ ጥቁር አፈር ሲያብጥና ሲኮማተር ቱቦ ይሰብራል። ዛፉን መቁረጥ ሁላችንም ጨከንን ማለት ስለሆነብን ተውነው። በሱና በቱቦው መካከል ግን የኮንክሪት ግርዶሽ አቆምን።

ማታ ቀይ የምግብ ቀለም ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨምረን ለቀቅነው። ልጄ አዲሱ ማንሆል ጋ ቆሞ "መጣ! ቀይ ሆነ!" ብሎ ጮኸ።

ሥዕሉን አስተካክዬ በደንብ ሳልኩት። የታንኩ ክዳን ከቤቱ ጥግና ከበሩ ምሰሶ፣ ከሁለቱም የተለካ ርቀቱ አለው። አንዱ ቢፈርስ ሌላው እንዲቀር ብዬ ሦስተኛ ልኬትም ከአጥሩ ጨመርኩ። በፕላስቲክ አሽጌ አንዱን ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩ፣ ሌላውን ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀመጥኩ።

ለጋሼም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። "የተደፈነውስ?" አሉ። እውነት ነው፤ እሱን አልሳልኩትም። እዚያው ቆመን በሩ አጠገብ በነጠብጣብ መስመር አስገባሁት። ከጎኑ "አሮጌ ጉድጓድ፣ ገረጋንቲ የተሞላ፣ ውስጡ ምንም የለም" ብዬ ጻፍኩ።